ድቡልቡል ነገር በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ፤ ከማጀቴ ሲታይ

የታሪክ ዲፓርትመንት ስለ ነገሥታት ያስተምራል፤ የጂኦግራፊ ዲፓርትመንት ስለ ተራራ፤ የኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት ደግሞ ማንም ስለማይገባው ነገር። ስለ ድቡልቡል ነገር የሚያስተምር ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህ ትልቅ ግፍ ነው። የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲያንከባልል፣ ሲወረውር፣ ሲጎርስ፣ ሲቆጥርና ሲለጋ የኖረው ድቡልቡል ነገር ነው። መሬት ራሷ ድቡልቡል ናት፤ በላይዋ የምንኖረው ሰዎች ግን ታሪክ ስንጽፍ ማዕዘን ያለውን ብቻ እንመርጣለን፤ ሐውልቱን፣ ግንቡን፣ ዙፋኑን። ይህ ጽሑፍ ጉድለቱን ለመሙላት ይሞክራል። ጸሐፊው የይፋት ቆላ ሰው፣ ትክክለኛ አድራሻውም ማጀቴ ስለሆነ፣ ዓለምን ከማጀቴ ቆሞ ቢያይ አትፍረዱበት። ግሪኮችም ከአቴና ቆመው ነው ያዩት፤ ማንም ምንም አላላቸውም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። አማርኛችን «ክብ» ሲል እንጀራንም ኳስንም በአንድ ከረጢት ይከታል። ይህ ለምርምር አይመችም። እንጀራ ክብ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ብትለቁት ግን ተጥመልምሎ ይቀራል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ከዚህ ታሪክ ወጥቷል። ማርያ ቴሬዛ ብርም ጠፍጣፋ በመሆኗ አትገባም፤ ብርን ከታሪክ ማስወጣት የቻለ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ሳይሆን አይቀርም። (አሞሌ ጨውማ አራት ማዕዘን ስለሆነ ጭራሽ ጠላታችን ነው።) የሒሳብ መጽሐፍ የሚጠቀምበት ቃል «ሉል» ነው። ሉል በድሮው ቋንቋ ከባሕር የሚወጣው ዕንቊ ነበር። ቀጥሎ ነገሥታት በመዳፋቸው የሚይዙት ወርቅ ሆነ፤ ቀጥሎ የሒሳብ መምህር እጅ ወደቀ፤ አሁን ደግሞ «ሉላዊነት» ተብሎ የዓለም ገበያ መጠሪያ ሆኗል። የቃሉን ጉዞ በደንብ የተከተለ አንባቢ የቀረውን ሳያነብ ሊተወው ይችላል።

የጥንቱን ዘመን ቶሎ እንለፈው፤ ድንጋይ ነው። ሜሪ ሊኪ በታንዛኒያው ኦልዱቫይ ገደል ከሌሎቹ የድንጋይ መሣሪያዎች መካከል የተድበለበሉ ድንጋዮች አግኝታለች፤ ዕድሜያቸው ከሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁባቸዋል። አንዱ «መዶሻ ነበሩ፤ ሲመቱባቸው ነው የተድበለበሉት» ይላል። ሌላው «በጠፍር ታስረው አውሬ ላይ ይወረወሩ ነበር» ይላል። ሦስተኛው «ሆን ተብለው ነው የተሠሩት» ይልና ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ይንተባተባል። ከነዚህ ሊቃውንት አንዳቸውም ከብት ጠብቀው እንደማያውቁ ግልጽ ነው። ከብት የጠበቀ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦ ድንጋይ በድንጋይ ለሚያሽ ሰው ምክንያት እንደማያስፈልገው ያውቃል።

ከዚያ ግሪኮች መጡና መሬት ራሷ ድቡልቡል ናት አሉ። ኤራቶስቴንስ የሚባል የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የመሬትን ዙሪያ ለካ። በምን ለካ? በጥላ። በዓመቱ ረጅም ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አስዋን ውስጥ የፀሐይዋ ብርሃን ቀጥ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል ተባለ፤ እስክንድርያ ላይ ግን የቆመ ዘንግ ጥላ ይጥላል። ሰውየው ከጥላው ማዕዘንና በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ርቀት ተነሥቶ ወደ እውነቱ የቀረበ ቁጥር አገኘ። አስዋን ማለት እንግዲህ የዓባይ ዳር ናት። ውኃው የኛ፣ አፈሩ የኛ፣ ልኬቱ የነሱ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ሽንኩርት ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ጋሊሌዮ ደግሞ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ድቡልቡል ነገር ባዘመመ ጣውላ ላይ እየለቀቀ፣ ወደ ታች በተንከባለለ ቁጥር ፍጥነቱ እየጨመረ እንደሚሄድ አረጋገጠ። ጋሊሌዮ ጣሊያን ነው። ያገሩ ሰዎች በወረራው ዘመን መጥተው ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስተው መንገድ ሲያወጡ፣ የገዛ ሊቃቸውን ሕግ የሚሽር ሥራ እየሠሩ እንደሆነ አላወቁም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። በዚህ መንገድ ላይ የይፋት ድቡልቡል ነገር ሁሉ፣ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ብርቱካኑም፣ የሚንከባለለው ወደ ላይ ነው! ይህን «የይፋት ሕግ» ብለን እንሰይመው። ሕጉ ሲነበብ፦ ድቡልቡል ነገር ገንዘብ ወዳለበት ይንከባለላል፤ ዳገት አያግደውም። ማረጋገጫው ይቆየን።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1611፣ ኬፕለር ሌላ ጥያቄ አነሣ። እኩል የሆኑ ድቡልቡሎችን ቦታ ሳይባክን ለመከመር የሚሻለው አደራደር የትኛው ነው? እሱ የገመተው ዛሬ ማንኛዋም ብርቱካን ሻጭ የምትከምርበትን መንገድ ነው፤ ማረጋገጥ ግን አልቻለም። ማረጋገጫው የተገኘው ቶማስ ሄልስ በሚባል አሜሪካዊ፣ በኮምፒዩተር እገዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። 387 ዓመት! ሮቢት ገበያ ቲማቲም በመደብ በመደብ የምትሸጥ ሴትዮ ጧት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሳው ትቀመጣለች። («መደብ» ገበያ ላይ የቲማቲም ክምር ነው፤ ካምፓስ ውስጥ ሌላ ነገር ነው። የመደብ ትግል ሲባል የመጀመሪያውን የሚያስብ ተማሪ ካለ የኛ አገር ልጅ መሆን አለበት።)

አባቶቻችን ጥያቄውን በሌላ በኩል ነው የያዙት። እንቧይ የሚባለውን ታውቃላችሁ፤ በየመንገዱ ዳር፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ እሾሃም፣ ፍሬው ቢጫ ድቡልቡል፣ ሰው የማይበላው። ካብ ደግሞ ጭቃ ሳይገባበት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ የሚሠራ ግድግዳ ነው። ሁለቱን አጋጠሙና «የእንቧይ ካብ» አሉ። ኬፕለር «እንዴት ይደረደራል?» ብሎ ሲጨነቅ፣ የኛዎቹ «አይደረደርም» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ይህች ሁለት ቃል ለመንግሥትም፣ ለማኅበርም፣ በፍሬሽማን ዓመት ለሚጀመር ፍቅርም ታገለግላለች።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንግባ። ማጀቴ ያለችበት ወረዳ አንጾኪያና ገምዛ ይባላል። ይፋት ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች አገር ነበር፤ የድሮ ከተሞቻቸው ፍርስራሽ፣ እነ ኖራ፣ እነ አስባሪ፣ ዛሬም አለ። ድንጋዩ ግን ማዕዘን ማዕዘን ስላለው ለኛ አይሆንም፤ እናልፈዋለን። የኛ ታሪክ የሚጀምረው በኢማም አሕመድ ነው፤ ደገኛው ግራኝ የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1529 የአፄ ልብነ ድንግልን ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል አደረገ። የአገሪቱን ታሪክ የገለበጠው ጦርነት በሽምብራ ስም መጠራቱን ልብ በሉልኝ፤ አንድም የታሪክ መምህር ልብ አላለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1531፣ የኢማሙ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ «አንቱክያ» በሚለው ቦታ ሌላ ውጊያ ተደረገ። የንጉሡ ጦር በቁጥርም በሙያም የማይናቅ ነበር። ኢማሙ ግን መድፍ ነበረው። መድፉ ሲያገሣ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማያውቀው ጦር ተደናግጦ ተበተነ።

አንቱክያ የኛው አንጾኪያ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እኛ የማጀቴ ልጆች ደግሞ ሌላ ሐሳብ አንሰማም። ሽንፈትም ቢሆን የኛ ነው! እንግዲህ በሰነድ የተመዘገበው የወረዳችን የመጀመሪያው ድቡልቡል ነገር በነጻ የመጣ፣ ከላይ የወረደና ማንም ያላዘዘው ነበር። ሌላው ሰው ድቡልቡል ነገር ያወቀው በኳስ ወይ በብርቱካን ነው፤ እኛ በመድፍ ጥይት። ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ብናይ ምን ይፈረድብናል?

ከመድፉ በኋላ ጠመንጃው መጣ፤ የጠመንጃው አረርም ለብዙ ዘመን ድቡልቡል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፈረንጆቹ ሹል አደረጉት፤ ሹሉ ርቆ ይሄዳል፣ አይስትም ብለው። ድቡልቡል ነገር ሰው መግደሉን ትቶ ወደ ሰላማዊ ኑሮ የተመለሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ሹሉ ግን ሥራውን ቀጥሏል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትነድ፣ ማጀቴና ሸዋ ሮቢትም የድርሻቸውን ሲቀበሉ የተተኮሰው ሁሉ ሹል ነበር። ስለዚያ የሚጻፈው ሌላ ጽሑፍ ነው፤ ሳቅም አይኖርበት።

በድቡልቡል ፍቅር ከአፄ ቴዎድሮስ የሚወዳደር የለም። ጋፋት ላይ ፈረንጅ ሚስዮናውያንን ይዘው መድፍ አሠሩ፤ ትልቁን ሴባስቶፖል አሉት። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየተጠረገለት፣ ሕዝብ በገመድ እየጎተተው፣ ወራት ፈጅቶ ያን ሁሉ ገደል ወርዶ ያን ሁሉ ዳገት ወጣ። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ትልቅ ድቡልቡል ነገር ለመትፋት ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞቹ እሮጌ ላይ ሲደርሱ ሴባስቶፖል አልታደጋቸውም። ዛሬም እዚያው መቅደላ ተቀምጧል። የይፋት ሕግ አንድ ጊዜ የተሻረው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ በሌለበት ዳገት የወጣ ድቡልቡል ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ንጉሠ ነገሥታዊው ሉል አጭር ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ከተቀበሏቸው የንግሥ ዕቃዎች መካከል ሰይፍ፣ በትረ መንግሥትና ሉል ነበሩ። ሉሉ ዓለም ነው፤ ንጉሡ ዓለምን በመዳፋቸው ያዙ። አምስት ዓመት ቆይቶ ጣሊያን ሲገባ የድቡልቡል ነገር ዋና ጠባይ ታየ፤ እጀታ የለውም።

የእምነቱንም ነገር ዘልዬው አልሄድም። በየቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል ታያላችሁ። ሰጎን የቆላ፣ የአፋር በረሃ ፍጥረት ናት፤ እንቁላሏ ግን ደጋ ወጥቶ መስቀል ላይ ተሰቅሏል። (የይፋት ሕግ፣ ማስረጃ ቁጥር አንድ።) እኛ አገር ደግሞ ክርስቲያኑ መቁጠሪያውን፣ እስላሙ ሙስበሃውን ይዞ አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። አንዱ 41 «እግዚኦ» ሲቆጥር ሌላው 33ቱን ሦስት ጊዜ ያዞራል። ጣት ላይ የሚንከባለለው ፍሬ ግን ያው ድቡልቡል ነው። የሃይማኖቶችን ንጽጽር ለማጥናት ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ሰዎች የአውቶቡስ ዋጋ ብቻ ቢሰጣቸው ይበቃቸው ነበር።

ከሁሉም የሚጥመው ምዕራፍ የጨዋታው ነው፤ ማዕከሉም ጃንሜዳ ነው። ገና በመጣ ቁጥር ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተጎነጎነች ድቡልቡል ነገር መሬት ላይ ትጣልና ጎበዝ ሁሉ በቆልማማ ዱላ ይራወጥባታል። በዚያች ዕለት ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ቁጣ የለም። ይህን የሚያህል ነገር በዓለም ታሪክ ስንት ጊዜ ሆነ? በአንዲት እንጨት ሰበብ መደብ ለአንድ ቀን ይሻር ነበር! በማግስቱ ይመለሳል፤ ቅልጥሙ ያበጠ ጌታም ይመለሳል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥምቀት ይከተላል። እዚህ ላይ ድቡልቡሏ ሎሚ ናት። ጎረምሳው የከጀላትን ልጅ ደረቷ ላይ ሎሚ ይወረውርባታል። ሎሚዋን ካነሣች ነገር አለ፤ ዞር ካለች ሎሚውን ከስሮ ይሄዳል። ይህን ያህል አጭር፣ ይህን ያህል ግልጽ የጋብቻ ማመልከቻ የትኛውም ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት አላወጣም። ሎሚው ከየት ይመጣል? ከቆላ ነዋ! ደገኛው በኛ ሎሚ ሲዳር ኖሯል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውን ተረት ሁላችንም ስለ መተባበር ስንጠቅሰው እንሰማለን። እኔ ግን ተረቱን በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ያ አንዱ ሰውዬ ማነው? ሃምሳውን ተሸክሞ ዳገቱን ያወጣው?

እግር ኳስ ቆይቶ የመጣ ነው፤ ግን ሁሉንም ዋጠ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሉቻኖ ቫሳሎ አምበል፣ መንግሥቱ ወርቁ አጥቂ፣ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝ። አስዋን ላይ በጥላ የተወሰደብንን ልኬት በእግር አስመለስን ብንል ማጋነን አይሆንም። (ትንሽ ይሆናል።) ይድነቃቸው በኋላ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ.፣ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። አፍሪካ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ ስላልተሰጣት አንጫወትም ብላ ስታድም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ እሱ ነው፤ ለ1970ው ቦታው ተሰጠ። የዘር መድልዎ የሚያራምደው የደቡብ አፍሪካ ቡድን እንዳይገባም አጥብቆ ታግሏል። ድቡልቡል ነገር እጀታ የለውም ብያለሁ፤ ይድነቃቸው ግን መያዣ ሠራለት።

እንግዲህ ወደ ሽንኩርቱ። ሸዋ ሮቢት ሲባል ለብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ እስር ቤቱ ነው፤ ለኛ የሚታየን ሽንኩርት ነው። የሮቢ ወንዝ ውኃ በቦይ ይመጣል፤ ዘሩ ብዙ ጊዜ ቦምቤ ሬድ የሚባለው ነው፤ ገበሬው ይተክላል፣ ያርማል፣ መድኃኒት ይረጫል። ሲደርስ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ይደርሳል። ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፤ ማከማቻ ለሌለው ሰው በቆላ ሙቀት ይበቅላል ወይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ደላላው ማሳው ድረስ ይመጣል። ዋጋው የሚነገረው በስልክ ነው፤ ስልኩ የሚደወለው ከላይ ነው። ገበሬው ሚዛኑን ያያል፣ ፀሐዩን ያያል፣ የቆመውን አይሱዙ ያያል፤ እሺ ይላል። ሽንኩርቱ ጣርማ በርን አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስ ዋጋው ከገበሬው ማሳ የተለየ ፍጡር ሆኗል። ኤራቶስቴንስን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። ውኃው የኛ፣ አፈሩ የኛ፣ ሚዛኑ የነሱ።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ የት እንደገባ ታስታውሳላችሁ? ጃንሜዳ! የገናው ጥንግ፣ የጥምቀቱ ሎሚ፣ የሰፈር ልጆች ኳስ የኖሩበት ሜዳ በሽንኩርት ተሞላ። በኔ ግምት ይህ የድቡልቡል ነገር ታሪክ ከፍተኛው ነጥብ ነው፤ አገሪቱ ውስጥ ያለ ድቡልቡል ሁሉ ተራ በተራ አንድ ሜዳ ላይ ተንከባለለ። ሰው በጭቃውና በሽታው ተማረረ፤ ጋዜጦች ስለ ሜዳው ክብር ጻፉ። ትክክል ነው፣ የጥምቀት ሜዳ ነው፤ ለ2013ቱ ጥምቀት ሲደርስ ገበያው ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ስለ ሜዳው ያን ያህል ሲጻፍ፣ ሽንኩርቱን ማን እንደተከለው የጻፈ ጋዜጣ አላየሁም።

ትንሹን ዘመዳችንን ሳላነሣ አላልፍም። ማሾ አረንጓዴ ናት፣ ከሽምብራም ታንሳለች፤ በይፋት ቆላ በደንብ ትበቅላለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ጀመረችና ስሟ በሰሌዳ ላይ ወጣ። ወደ እስያ አገሮች ትላካለች። የመርከብ መያዣ ሰነድ ላይ የሰፈረች የመጀመሪያዋ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ፓስፖርት ያላት እሷ ብቻ ናት።

ወደ ታች የሚመጣልን ድቡልቡል የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሁለት ናቸው። አንዱ ኩሽኔታ ነው። ስሙም ዕቃውም ከጣሊያን ነው፤ የከባድ መኪና ኩሽኔታ ሲያልቅ ጋራዥ ደጃፍ ይጣላል፣ ልጆች ሰብረው ውስጡ ያሉትን የብረት ፍሬዎች ያወጣሉ። የብረት ብይ ያለው ልጅ የመስታወት ብይ ባላቸው ላይ ይነግሣል፤ ሲያስወነጭፋት የሌላው ትሰነጠቃለች። አንጾኪያ ላይ የሆነው ያው ነው፣ በትንሹ።

ሁለተኛው የፕላስቲክ ኳስ ነው። በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ በመረብ ታስሮ፣ ሽንኩርት ጭኖ በወጣው መንገድ ተመልሶ ይወርዳል፤ ቻይና የተሠራ ነው፣ ማጀቴ ገበያ ላይ ይንጠለጠላል። አባት ሽንኩርት ሸጦ የገባ ቀን ይገዛል። ኳሱ አንድ ሳምንት ይቆያል፣ ቢበዛ ሁለት። አገሩ ግራር ነው፣ ግራሩም እሾህ ነው። ፊስ ብሎ ሲተነፍስ ልጆቹ ትንሽ ዝም ይሉና አንዱ ቢላዋ ሊያመጣ ይሮጣል። በቀዳዳው በኩል ይሰነጥቁታል፣ አሮጌ ካልሲና የነጠላ ቁራጭ እስኪጠብቅ ይጠቀጥቁበታል፣ በሲባጎ ይሰፉታል። ከፊተኛው ይከብዳል፣ አይነጥርም፣ እሾህ ግን አይፈራም።